አማርኛችን የሚወልዳቸው የእንግሊዝኛ ስህተቶች፦ የምታውቁትን ጨምሩበት

ማህሌት_ገርጂ

ሰላም ሁላችሁም። በእንግሊዝኛ ስለሚፈጸሙ ስህተቶች ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች በአብዛኛው አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ለሆነ ሰው የተጻፉ ናቸው። እኛ ጨርሶ የማንስተውን እያስጠነቀቁ፣ በየደብዳቤውና በየፈተናው የምንስተውን ዝም ብለው ያልፉታል። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው በተለይ የሚሳሳተው የት የት ላይ ነው? ምክንያቱስ? ለሥራ ማመልከቻ፣ ለኢሜይልና አይኤልቲኤስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው እንዲጠቀምበት የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም ጎን ለጎን ብታስቀምጡልን ጥሩ ነው። አነባበቡም አብሮ እንዲያዝ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጻፉት።

አራሚው

ማህሌት፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት የእንግሊዝኛውን ሕግ ካለማወቅ አይደለም። ሰውየው ሕጉን ብትጠይቂው በቃሉ ይወጣልሻል። ሲጽፍ ግን ከሥር ያለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይመራዋል። ስለዚህ ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ የትኛው የአማርኛ አነጋገር የትኛውን ስህተት እንደሚወልድ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ከግስ ልጀምር። «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» እንላለን። አማርኛው እዚህ ላይ የአሁን ጊዜ ግስ ነው የሚፈልገው፣ ምንም ጉድለት የለበትም። ያንኑ እንዳለ ስናዞረው «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2018» ይሆናል። እንግሊዝኛ ባለፈ ጊዜ ተጀምሮ እስካሁን የዘለቀን ነገር በ«ሃቭ» ነው የሚያስረው፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ሲንስ 2018»፣ ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2018»። «ሲንስ» መነሻ ነጥቡን ይዞ ይመጣል፣ «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን፦ «ሲንስ መንደይ»፣ «ፎር ስሪ ደይስ»። «ሲንስ ስሪ ይርስ» የሚባል ነገር የለም።

በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ የዚህ ተቃራኒ ይበዛል፦ «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን 2020»። ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ፣ ዓመትም ይሁን «የስተርደይ» ወይም «ላስት ዊክ»፣ «ሃቭ» ቦታ የለውም፦ «አይ ግራጁዌትድ ኢን 2020»። ይህ ስህተት ብዙውን ጊዜ የደብዳቤው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሚገኝ ገና ከመግቢያው ዓይን ይገባል።

ቀጥሎ «አልሄደም»ን ፍቱት። «አል»፣ «ሄደ»፣ «ም»። መሐል ላይ የተቀመጠው «ሄደ» ያለፈ ጊዜ ግስ ነው። «ሂ ዲድንት ዌንት» የሚመጣው ከዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ከተሸከመ ዋናው ግስ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ «ሂ ዲድንት ጎ»፣ «ዲድ ዩ ጎ?»። ጊዜው ሁለት ቦታ አይነገርም።

«ከመጣ እነግረዋለሁ» ላይም «መጣ» ያለፈ ጊዜ መልክ አለው፣ ትርጉሙ ግን ወደፊት ነው። «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብለን የምንሳሳተው ለዚህ ነው። ትክክሉ «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ነው። «ስደርስ እደውላለሁ» ደግሞ «ዌን አይ ዊል አራይቭ» አይባልም፤ «ዌን አይ አራይቭ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ነው። «ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል» በተባለበት ክፍል ውስጥ «ዊል» አይገባም።

ሄኖክ_ጅማ

አራሚው፣ የመጨረሻዋ ላይ ልከራከር። «አይ ዶንት ኖው ዌን ሂ ዊል ካም» ትክክል ነው እኮ። «ዌን» አለ፣ «ዊል»ም አለ።

አራሚው

ልክ ነህ ሄኖክ፣ ያ ሌላ «ዌን» ነው። መለያው ደግሞ አማርኛው ውስጥ አለልህ። በአማርኛ «ሲመጣ» የምትለው ከሆነ «ዊል» አይገባም፦ «ሲመጣ እንጀምራለን» ማለት «ዊ ዊል ስታርት ዌን ሂ ካምስ» ነው። «መቼ እንደሚመጣ» የምትለው ከሆነ ግን ይገባል፦ «መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» ማለት «አይ ዶንት ኖው ዌን ሂ ዊል ካም» ነው። «ኢፍ»ም እንዲሁ ነው። «ከመጣ» ሲሆን «ዊል» የለም፣ «ይመጣ እንደሆነ» ሲሆን አለ፦ «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ዊል ካም»።

እዚያው ላይ ሌላ ስህተት አለ። ጥያቄ በሌላ ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ የጥያቄ ቅርጹን ይተዋል። «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ባንክ?» ሳይሆን «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ባንክ ኢዝ?» ነው። «አይ ዶንት ኖው ዋት ዳዝ ሂ ዋንት» ሳይሆን «ዋት ሂ ዋንትስ»።

የትርጉም_ጠረጴዛ

እኔ ደግሞ መስተዋድዱን ልያዝ። ከጠቅላላው ስህተት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ይመስለኛል።

አማርኛ ተሳቢውን ግሱ ላይ ለጥፎት ይሄዳል። ጠብቀኝ፣ ስማኝ፣ አስረዳኝ፣ አለኝ። በመካከል ምንም ቃል ስለሌለ እንግሊዝኛችንም ባዶ ይቀራል፦ «ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ሚ»፣ «ሂ ሰድ ሚ»። አራቱም ስህተት ናቸው። «ዌይት ፎር ሚ»፣ «ሊስን ቱ ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ»፣ «ሂ ቶልድ ሚ» ነው የሚባለው። «ሰይ» ሰሚውን ያለ «ቱ» አይቀበልም፣ «ቴል» ግን ሰሚውን ይፈልጋል።

ተቃራኒውም አለ። አማርኛው «ስለ» ወይም «ወደ» ሲል እኛ እንግሊዝኛው ላይ እንጨምራለን። «ስለ ዕቅዱ ተወያየን» «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕላን» ይሆናል፤ «አባውት» ይውጣ፣ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን» ይበቃል። «ወደ ክፍሉ ገባ» «ኤንተርድ ቱ ዘ ሩም» ሳይሆን «ኤንተርድ ዘ ሩም» ነው። «ሪችድ ቱ አዳማ»ም «ሪችድ አዳማ» ነው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» «ማሪድ ዊዝ ሂም» አይደለም፤ ድርጊቱን ስንናገር «ሺ ማሪድ ሂም»፣ ሁኔታውን ስንናገር «ሺ ኢዝ ማሪድ ቱ ሂም» ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል፤ ውል የሚተረጉም ሰው «ኤንተር ኢንቱ አን አግሪመንት» የሚለውን እንዳይነካው። ውል ውስጥ መግባት ሲሆን «ኢንቱ» ቦታው ነው።

«ከ» ራሷን ችላ ልትነሳ ይገባታል። «ከወንድሙ ረጅም ነው» ስንል «ረጅም» የሚለው ቃል አይለወጥም፤ ማነጻጸሩን የምትሠራው «ከ» ናት። ስለዚህ «ሂ ኢዝ ቶል ፍሮም ሂዝ ብራዘር» ይወጣል፣ ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ። ቅጽሉ ራሱ መለወጥ አለበት፣ «ፍሮም»ም በ«ዛን» ይተካ፦ «ሂ ኢዝ ቶለር ዛን ሂዝ ብራዘር»። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ አጠንክሮ «ሞር ቶለር» እና «ሞር ቤተር» ይላል፤ አንዱ ብቻ በቂ ነው።

ሥራ ቦታ ላይ ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያለው «እስከ» ነው። «እስከ አርብ ድረስ አስገቡ» የሚለው «ሰብሚት ኢት አንቲል ፍራይደይ» ተብሎ ይላካል። «አንቲል» ድርጊቱ ሳይቋረጥ የሚቀጥልበትን ጊዜ ነው የሚያሳየው፦ «ዘ ኦፊስ ኢዝ ኦፕን አንቲል ፍራይደይ»። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚያልቅ ነገር የመጨረሻው ቀን የሚነገረው በ«ባይ» ነው፦ «ሰብሚት ኢት ባይ ፍራይደይ»። ሁለቱንም በአማርኛ «እስከ» ስለምንላቸው ጆሯችን ልዩነቱን አይነግረንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ድርጊቱ ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲካሄድ የሚቆይ ነው? «አንቲል»። አንዴ ተደርጎ የሚያበቃ ነው? «ባይ»።

አንድ ልጨምር። «ያገኘሁት ሰው» ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ሰውየውን ነው የምታመለክተው። እሷን ይዘን ስንሄድ «ዘ ማን ዛት አይ ሜት ሂም» እንላለን። «ሂም» ይውጣ፦ «ዘ ማን ዛት አይ ሜት»። በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለምትደበቅ አራሚ እንኳ ያልፋታል።

ማህሌት_ገርጂ

ይሄ ነው የፈለግኩት! አራሚው ግን «ከ2010 ጀምሮ» ብለህ እንግሊዝኛው ላይ 2018 ያደረግከው ሆን ብለህ ነው?

ቢኒ_ቅጥር

እሱን እኔ ልመልስልሽ ማህሌት፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምናየው ነው። አዎ፣ ሆን ተብሎ ነው የሚለወጠው። የሥራ ታሪክና የትምህርት ማስረጃ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀረ አንባቢው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥረዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ላለው ቀን 7 ይደመራል፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ላለው 8። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መሸጋገሪያው በአንድ ቀን ይቀድማል። ሐምሌ 2012 የተመረቀ ሰው «ጁላይ 2020» ብሎ ይጻፍ። ኅዳር 2012 ሥራ የጀመረ ደግሞ «ኖቬምበር 2019»። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አቆጣጠር የደባለቀ ሰው ሳይመረቅ ሥራ የጀመረ ሊመስል ይችላል።

ሰዓትም እንደዚያው። «3 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብሎ «ለትስ ሚት አት 3» ብሎ መላክ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት «9 ኤኤም» ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት «3 ፒኤም»። በተለይ 12 ሰዓትን ተጠንቀቁ፣ ለእኛ ንጋት ወይም ምሽት ነው፣ ለእነሱ ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት። ሌሊት ላይ ቀኑም ይለወጣል። ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ለእነሱ «ሳንደይ፣ 2 ኤኤም» ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጥ ሰው «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» የሚለውን አባባላችንን ያስታውስ፣ እሱ ከእነሱ ቆጠራ ጋር ይገጥማል። ቀን ስትጽፉ ደግሞ ወሩን በስሙ ጻፉት። 03/04 ለአሜሪካዊ ማርች 4 ነው፣ ለእንግሊዛዊ ኤፕሪል 3።

ሌላው በኢሜይል የምናየው አክብሮት ነው። «ፋይሉን ይላኩልኝ» በአማርኛ ጨዋ አነጋገር ነው፣ አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ተሠርቷል። «ሴንድ ሚ ዘ ፋይል» ግን ራቁቱን የቀረ ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ» ቢጨመርበትም ገና ይቆረቁራል። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል፣ ፕሊዝ?» ብሎ ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው መፍትሔው። «አይ ዋንት ቱ አስክ» ደግሞ «አይ ውድ ላይክ ቱ አስክ» ይሁን። ለአንድ ሰው አክብሮት ብሎ «ማይ ቦስ፣ ዘይ አር ኢን አ ሚቲንግ» ማለት ግን አይሠራም። «እሳቸው» በእንግሊዝኛ «ሂ» ወይም «ሺ» ነው።

ናርዶስ_ሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ ውስጥ ሰዋስዉ ልክ ሆኖም ትርጉሙ የሚስትባቸው ቃላት አሉ። አማርኛው በአንድ ቃል የሚሸፍነውን እንግሊዝኛ ለሁለት ስለሚከፍለው ነው። ይሄ ክፍል ከሰዋስው ይበልጥ ሊተኮርበት ይገባል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሰዋስው ሲሳሳቱ ሰሚው ይገምትልዎታል፣ እዚህ ግን ሌላ ነገር ተረድቶ ይሄዳል።

«አስታወሰ»ን እንውሰድ። «ነገ አስታውሰኝ» «ሪመምበር ሚ ቱሞሮው» ተብሎ ሲነገር ሰሚው ስንብት ይመስለዋል፣ «እንዳትረሳኝ» እንደማለት። ራስ ሲያስታውስ «ሪመምበር»፣ ሌላውን ሲያሳስብ «ሪማይንድ»፦ «ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል ኸር»።

«ትናንት አገኘሁት» «አይ ፋውንድ ሂም የስተርደይ» ሲባል ሰውየው ጠፍቶ ሲፈለግ የነበረ ይመስላል። ተቀጣጥረው ከሆነ «አይ ሜት ሂም»፣ ድንገት መንገድ ላይ ከሆነ «አይ ራን ኢንቱ ሂም»። «ፋውንድ» ለጠፋ ነገር ይቆይ። ልክ እንደዚሁ ብዙ ጊዜ ያልታየን ሰው «ጠፋህ» ለማለት «ዩ አር ሎስት» ቢባል መንገድ ተሳስተሃል ማለት ነው፤ «አይ ሃቨንት ሲን ዩ ኢን ኤጅስ» በሉ።

«ቡና እየጠጣን ተጫወትን» የሚለውን አዋቂ ሰው «ዊ ፕለይድ» ካለ ኳስ ወይም ካርታ ይመስላል። ሴትና ወንድ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ሊጠረጠር ይችላል። «ዊ ቻትድ ኦቨር ኮፊ» ነው። «ልጋብዝህ» በሂሳብ ሰዓት «አይ ዊል ኢንቫይት ዩ» ሳይሆን «ኢትስ ኦን ሚ» ነው። «ኢንቫይት» ወደ አንድ ቦታ ወይም ድግስ መጥራት እንጂ ሂሳብ መክፈልን በግልጽ አያስይዝም።

ከወንበር ተነስተው ሲወጡ «መጣሁ» የምንለው ወደ «አይ ኬም»ም ወደ «አይ አም ካሚንግ»ም አይዞርም፤ «አይ ዊል ቢ ራይት ባክ» ነው። ሰው ሲደናቀፍ «አይዞህ» ለማለት «ሶሪ» ስንል ደግሞ ሰሚው «አንተ ምን አደረግክ?» ይላል፤ «አር ዩ ኦኬይ?» ይበቃል።

ቤት የሚከራይ ሰው «አይ ኒድ ቱ ክላስ ሃውስ» እንዳይል አደራ። «ክላስ» ለክፍል የምንለው አዲስ አበባ ነው። እዚህ «ቱ ቤድሩም አፓርትመንት» ነው፣ ሳሎን ለብቻ አይቆጠርም። የመሥሪያ ቤት «ሰርቪስ»ም «ሸትል» ነው የሚባለው፣ «ሃይላንድ» የምንለው ውሃም «ቦትልድ ዎተር»።

ጋሽ_መምህር

ልጆቼ፣ የቁጥርን ነገር ማንም አላነሳውም። «አምስት ልጅ አለው» በአማርኛ ምንም አይጎድለውም፣ ቁጥሩ ከተነገረ ስሙ ነጠላ ሆኖ መቆየት ይችላል። «ሂ ሃዝ ፋይቭ ቻይልድ» የሚመጣው ከዚህ ነው፤ «ፋይቭ ቺልድረን» መሆን አለበት። «አንዱ ጓደኛዬ»ም «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» ይሆናል፣ ትክክሉ «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድስ» ነው፤ ከብዙ አንዱ ስለሆነ ብዙዎቹ መታየት አለባቸው። ግሱ ግን ለአንዱ ነው፦ «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድስ ሊቭስ ሂር»። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንግሊዝኛ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ቁጥሩ ከስም ፊት እንደ ቅጽል ሲቆም «ኤስ» ይወድቃል፦ «አ ቴን ይር ኦልድ ቦይ»፣ «አ ስሪ ደይ ትሬይኒንግ»። «ቴን ይርስ ኦልድ ቦይ» አይባልም።

ሁለተኛው፣ እኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ዕቃዎች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ኢኪዩፕመንትስ»፣ «ፈርኒቸርስ» እንላለን። እነዚህ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደ ውሃና ዱቄት አይቆጠሩም። «ኖውሌጅ»፣ «ኢቪደንስ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ላጌጅ»፣ «ሪሰርች»ም ከእነሱ ጋር ናቸው። ለመቁጠር ካስፈለገ «አ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ቱ ፒስስ ኦፍ ላጌጅ»።

ሦስተኛው፣ በአማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ስላለ ለብቻ አይጠራም። «ይዘንባል»፣ «ጥሩ ነው»። እንግሊዝኛ ላይ «ኢዝ ሬኒንግ»፣ «ኢዝ ጉድ» ሆኖ ይቀራል። «ኢት» ሁልጊዜ ያስፈልጋል። «ምንም እንኳ ቢደክመው ግን መጣ» ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይጓዛል፣ «ኦልዞው ሂ ወዝ ታየርድ፣ ባት ሂ ኬም»። አንዱ ይበቃል፤ ወይ «ኦልዞው»፣ ወይ «ባት»። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ።

«በጣም»ንም ልብ በሉ። «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» አይባልም፣ «ቬሪ» ግስን አያጎላም፤ «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ወይም «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» ነው። «ቱ» ደግሞ ከልክ ማለፍን ያሳያል። ምግብ የሠራችላችሁን ሴት «ኢት ኢዝ ቱ ሆት» ካላችኋት ቅሬታ ነው።

በመጨረሻ፣ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አትጨርሱ፣ በ«ባት»ም አትጀምሩ።

የትርጉም_ጠረጴዛ

ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳሉት ነው፣ ከመጨረሻዋ ጋር ግን አልስማማም። «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» የጠራ እንግሊዝኛ ነው። «ቱ ሁም አር ዩ ቶኪንግ?» ስህተት ባይሆንም በዕለት ንግግር የተጠመጠመ ይሆናል። በ«ባት» መጀመርም በጥሩ ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ለቢሮ ደብዳቤ «ሃውኤቨር» ቢመረጥ የአጻጻፍ ደረጃ ጉዳይ እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። ተማሪው ስህተት ያልሆነውን ሲሸሽ ጊዜውን ይጨርስና «ዲድንት ዌንት» ሳይታረም ያልፋል፤ የምቃወመው ለዚህ ነው።

ጋሽ_መምህር

በደረጃ ከሆነ ተቀብያለሁ። ፈተና ላይ ግን «ሃውኤቨር» ይሻላችኋል።

ሄኖክ_ጅማ

ስለ «አ» እና «አን» አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛውን ፊደል ያያል፣ የሚወስነው ግን ድምፁ ነው። ቃሉን በፊደላችን ጻፉትና የመጀመሪያዋን ፊደል እዩ። ከአ ቤት ከሆነች፣ ማለትም አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ ከሆነች፣ «አን» ነው። «አወር» በአ ይጀምራል፣ ስለዚህ «አን አወር»። «ኤንጂኦ»ና «ኤምቢኤ» በኤ ይጀምራሉ፣ «አን ኤንጂኦ»፣ «አን ኤምቢኤ»። «ዩኒቨርሲቲ» በዩ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ «አ ዩኒቨርሲቲ»። «ዋን ወይ ቲኬት»ም በዋ ስለሚጀምር «አ ዋን ወይ ቲኬት»።

ዘዴው የሚከዳችሁ አንድ ቦታ ላይ ነው። «እስኩል»፣ «እስፖርት» ስንል የምንጨምራት «እ» የእኛ ናት። «አ ስኩል» ነው። እሷን ከአነጋገርም ማውጣት ይጠቅማል።

ናርዶስ_ሜሪላንድ

ሄኖክ፣ ይሄን ዘዴ ለልጆችም አስተምረዋለሁ። አንድ ከባድ ነገር ሳይነሳ ግን እንዳያልፍ፦ «አዎ» እና «አይ»።

«አልበላህም?» ሲባል ያልበላ ሰው በአማርኛ «አዎ» ይላል፤ «አዎ፣ እንዳልከው አልበላሁም» ማለቱ ነው። የሚስማማው ከጠያቂው አነጋገር ጋር ነው። እንግሊዝኛ ጠያቂውን ትቶ ነገሩን ያያል። ከበላህ «የስ»፣ ካልበላህ «ኖ»፣ ጥያቄው በአፍራሽ ቢቀርብም ባይቀርብም። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው «የስ» ይላል፣ «አዎ፣ የለብኝም» ለማለት። ነርሷ አለርጂ አለበት ብላ ልትመዘግብ ትችላለች። የገባት ከሆነ እንደገና ትጠይቃለች፣ የተጣደፈች ከሆነ ግን አትጠይቅም። ኢምባሲና ፍርድ ቤት ላይም አደጋው ያው ነው።

መፍትሔው በ«የስ» እና «ኖ» ብቻ አለመቆም ነው። ግሱን ጨምሩ፦ «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ»፣ «የስ፣ አይ ዱ»። «የስ፣ አይ ዶንት» የሚል ከአፋችሁ ከወጣ ወዲያው አርሙት። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ሲሏችሁም «የስ» ማለት «ይከብደኛል፣ አትቀመጥ» ማለት ነው። መፍቀድ ከፈለጋችሁ «ኖ፣ ጎ አሄድ» በሉ። ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ሰዎች በተለይ፣ ቃሉን ሳይሆን ነገሩን አስተርጉሙ።

ማህሌት_ገርጂ

ናርዶስ፣ የሆስፒታሉ በጣም ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ጽሑፍ ጽፎ ለጨረሰ ሰው፣ ፈተና ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በምን ቅደም ተከተል ይፈትሽ?

አራሚው

አይኤልቲኤስ የጽሑፍ ክፍል 60 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ጽሑፍ ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፣ አራቱም እኩል ይመዝናሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው ጽሑፍ ከሚመደበው 40 ደቂቃ አራቱን ለማረሚያ አስቀሩ።

ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማየት አትሞክሩ፣ ዓይን አንድ ነገር ሲፈልግ ነው የሚያገኘው። በመጀመሪያው ንባብ ግሶቹን ብቻ ተከተሉ። «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ወይም ነጠላ ስም ባለበት የአሁን ጊዜ ግስ ላይ «ኤስ» አለ? «ዲድ» ባለበት ያለፈ ጊዜ ተደርቧል? ዓመት ወይም «የስተርደይ» ባለበት «ሃቭ» ገብቷል? ለዚህ ብቻ ሁለት ደቂቃ ስጡት፣ ከፍተኛው ጥቅም ያለው እዚህ ነው። በሁለተኛው ንባብ ስሞቹን እዩ፤ ቁጥር፣ «ሜኒ»፣ «ዋን ኦፍ» ባሉበት ብዙ ቁጥር አለ? ጋሼ የዘረዘሯቸው የማይቆጠሩት ላይ «ኤስ» ተጨምሯል? በተረፈው ጊዜ «አባውት»፣ «ፍሮም»፣ «አንቲል» የሚሉትን ቃላት ብቻ በዓይን ፈልጉና የየትኛው የአማርኛ ቃል ምትክ እንደሆኑ ጠይቁ። «ከ» ወይም «እስከ» ከሆነ እንደገና አስቡበት።

ቤት ሲለማመዱ ደግሞ ጽሑፉን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ማንበብ ይረዳል። ሐሳቡ ስለማይከተላችሁ ቃሉ ራሱ ይታያችኋል።

አሜሪካዊም እንግሊዛዊም አጻጻፍ ይፈቀዳል፣ መደባለቅ ግን አይመከርም። «ጎተን» ያለ ሰው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ «አት ዘ ዊክኤንድ» አይበል፣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው፣ ሁለተኛው እንግሊዛዊ።

ቢኒ_ቅጥር

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። «ስንተኛ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? «ሃው ሜኒኛ» እስከማለት የደረሰ አለ።

የትርጉም_ጠረጴዛ

ለእሱ አንድ ቃል የለም፣ ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ለውጠህ ጠይቅ። መልሱ ግን ይገኛል። «ሊንከን ስንተኛው ፕሬዚዳንት ነው?» ለማለት «ሃው ሜኒ ፕሬዚደንትስ ኬም ቢፎር ሊንከን?» ብትል 15 ይሉሃል፣ እሱ 16ኛው ነው። «ለቤትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ለማለት «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብለህ ጀምር፣ ሰውየው ራሱ «አይ አም ዘ ሰከንድ ኦፍ ፋይቭ» ብሎ ይጨርስልሃል። ወረፋ ላይ ከሆንክ «ሃው ሜኒ ፒፕል አር አሄድ ኦፍ ሚ?» በልና አንድ ደምርበት።